እጅጌዋ ላይ የቀረው ሊጥ

በቃ ቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፦ ያንን ሁሉ ሰው አንገት ያስደፋው፣ ሃራምን ያስለቀሰው የሶዳም እጅጌ ነው! አዎ፣ እጅጌ! እጅጌዋ ላይ ተጋግሮ የቀረ፣ ምስር የማያክል ደረቅ ሊጥ። እሳት አልተነሳ፣ መብራት አልጠፋ፣ ሌባ አልገባ፤ ሊጥ! ይሄንን ደግሞ ከራሷ ከሶዳም በቀር የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ጣጣው እሱ ነው።

ሶዳም አስራ አራት ዓመቷ ነው። ኮሪያ፣ ዴጆን ከተማ ውስጥ፣ እናቷ የልብስ እጥበት ሱቅ አላት፤ ከሱቁ ጀርባ እነሱ ይኖራሉ፣ ፎቁ ላይ ያለችውን አንድ ክፍል ደግሞ ሃራም ተከራይታዋለች። ሃራም ዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ፣ እነሱ ባጭሩ «ላብ» በሚሉት፣ የምትሰራ ተመራማሪ ናት። ሶዳም «ኡኒ» ነው የምትላት፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት። እህት የላትማ! ሃራም ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ ስታስር እሷም በእርሳስ፤ ሃራም ራመን የሚሉት የሾርባ ፓስታዋ ላይ አይብ ስትጨምር እሷም አይብ፤ አይብ ሆዷን እየነፋት እንኳን! እንዲህ ነበር የምትወዳት።

እና ሃራም ላብ ውስጥ የምትንከባከበው ነገር... እሱን እንኳን የሶዳም እናት በራት ሰዓት ብትጠይቃት ይሻላል። እናትየው ቤተክርስቲያን ሳሚ ናት፤ የእሁድ ቅዳሴ ዘልላ አታውቅም።

«አንቺ ልጅ፣» አለች ሾርባውን እየቀዳች፣ «እውነቱን ንገሪኝ። ያ የምታሳድጉት ነገር ሰው ነው ወይስ አይደለም?»

«እትዬ፣ እሱን እንጃ።»

«እንጃ? ያን ሁሉ ተምረሽ?»

«እንጃ ለማለትም እኮ ብዙ ተምሬ ነው የበቃሁት።»

ሶዳም ሩዟ ትን አላት።

«ሳቂ አንቺ፣» አለቻት እናቷ። «እሺ በደንብ አስረጂኝ።»

ሃራም ቾፕስቲኳን አስቀመጠች። «ልጅ እምቢ ያላቸው ባልና ሚስት ሆስፒታል ይሄዳሉ አይደል? እዛ የሷ እንቁላልና የሱ ዘር ሳህን ላይ ይገናኛል። የሚያስፈልገው ማህፀን ይገባል፣ የተረፈው ይቀዘቅዛል። ልጆቻቸውን ወልደው በቃን ካሉ በኋላ የተረፈው የሚቀመጥበት ጊዜ ያልቃል። ከዛ ወይ ይወገዳል፣ ወይ ደግሞ ሁለቱም ፈቅደው ለምርምር ይሰጡናል። የአምስት ቀን ፅንስ ነው። መጠኑ እንዴት ልበልሽ፣ የሰናፍጭ ፍሬ አጠገቡ ብታስቀምጪ ሐብሐብ ይመስላል።»

«ትንሽ መሆኑን አልጠየቅኩሽም።»

«ልክ ነሽ።» ሃራም አንገቷን ነቀነቀች። «ከውስጡ ህዋሶቹን ስናወጣ ፅንሱ በዛው ያበቃል። ይሄንን አልደብቅሽም። ህዋሶቹ ግን ይኖራሉ፣ ይራባሉ። ስቴም ሴል የሚባሉት እነሱ ናቸው። ምን እንደሚሆኑ ገና አልወሰኑም፤ ልብም፣ ነርቭም፣ ቆዳም መሆን ይችላሉ።»

«እንደ ሶዳም በያ! ትናንት ዶክተር፣ ዛሬ ዳንሰኛ።»

«እማ!»

«እኛ ከዓይን ኋላ ያለውን ስስ ሽፋን ነው ልናበቅልባቸው የምንሞክረው፣» አለች ሃራም እየሳቀች። «እሱ የሞተባቸው ሰዎች ናቸው ቀስ በቀስ የሚታወሩት። ይሳካል ብዬ አልምልልሽም።»

እናትየው የዓሳውን ሳህን ወደ መሀል ሳበች። «የሚያይ ሰው ቢበዛ ደስ ይለኛል። ግን እነሱ ፈቀዱ እንጂ፣ ያቺን ሰናፍጭን ሐብሐብ የምታስመስለዋን ማን ጠየቃት?»

እናትየው ግን የዓሳውን ወፍራሙን ጎን ቆርሳ ሃራም ሩዝ ላይ አስቀመጠችላት። ትጣላታለች፣ ታበላታለች፤ እንደዛ ናት።

ሶዳም ግን፣ ያው ሶዳም ናት፣ ከዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረላት፦ ማየት አለብኝ! በማግስቱ ጀመረች ልመና። ኡኒ እባክሽ፣ ኡኒ በናትሽ፣ ኡኒ እግርሽን አሽልሻለሁ። ሃራም በመጨረሻ የላቡን ኃላፊ፣ ፕሮፌሰር ምዮንግን ጠየቀችላት። ፕሮፌሰሯ ቁመቷ ከሶዳም ያጠረ፣ ድምጿ ደግሞ ከሰፈሩ የረዘመ ሴትዮ ናት። «ዓይኗ ይግባ፣» አለች፣ «እጇ ግን አይግባ።» እሁድ ሃራም ተረኛ ስትሆን እንድትመጣ ተፈቀደ። ህዋሶቹ በየቀኑ ምግባቸው ካልተቀየረላቸው ይበላሻሉ፤ እሁድ አያውቁ፣ በዓል አያውቁ።

አሁን ቅዳሜን ስሙልኝ። የትምህርት ቤት ፌስቲቫል! የነሶዳም ክፍል ሆቶክ ነበር የሚሸጠው፤ ያ በውስጡ ስኳርና ለውዝ ያለው፣ ዘይት ላይ ተጫን ተጫን ተደርጎ የሚጠበሰው፣ ምላስ የሚያቃጥለው። አቡኪዋ ማን ነበረች? ሶዳም! ቢጫ ሁዲዋን፣ ያንን ኮፍያ ያለውን ሹራብ፣ ለብሳ፣ እስከ ክንዷ ሊጥ ውስጥ ገብታ። ጓደኛዋ ቦሱል ደግሞ የእርሾውን ከረጢት በጥርሷ ልትቀድ ስትታገል፣ ጧ! ብሎ ሶዳም ላይ ተበተነ።

«ፓ! ነፋሽ እኮ!» አለች ቦሱል። «ነገ ጠዋት እጥፍ ሆነሽ ነው የምትነሺው!»

እስኪያማቸው ሳቁ። ማታ ሶዳም እጇን ታጠበች፣ ፀጉሯን ታጠበች። ሁዲውን አራግፋ ወንበር ላይ ጣል አደረገችው። እሁድ ጠዋት ደግሞ ብርድ ነበር፣ የምትወደው ሁዲ እሱ ነው፣ እና... ለበሰችው። አላሰበችም። እዚህ ድረስ ምንም ጥፋት የለባትም እንበል።

የላቡ በር ላይ በትልቁ የተፃፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ ሊጥ ያቦካ፣ ዳቦ የጋገረ፣ መጠጥ የጠመቀ ሰው በማግስቱ አይገባም። ሶዳም ሁለቴ አነበበችው።

«ይሄ ቀልድ ነው?» አለች።

«ቀልድ ይመስላል አይደል?» አለች ሃራም ጫማዋን እየቀየረች። «እርሾ እኮ በአየር ይሄዳል፣ ልብስ ላይ ይተኛል። ለህዋሶች ተብሎ የተዘጋጀው ምግብ ደግሞ ለሱ ድግስ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም። እኔ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ኬክ እንኳን ጋግሬ አላውቅም።» ከዛ ቀና አለች። «በነገራችን ላይ ትናንት ፌስቲቫሉ ላይ ምን ሸጣችሁ?»

አያችሁ? ጠየቀቻት። አጥርታ፣ ዓይኗን እያየች ጠየቀቻት።

«ሆቶክ፣» አለች ሶዳም። አቦካሁ ካለች ተመለሽ ትባላለች። ሌላ እሁድ መች ይገኛል? ለቦሱልስ ላብ ልገባ ነው ብላ ፎክራ የለ? «ግን እኔ... ወረፋ አስከባሪ ነበርኩ።»

«አንቺ? ወረፋ? ህዝቡ አልተጨፋለቀም?» ሃራም ሳቀች። አመነቻት። በቃ፣ እንደዛ በቀላሉ።

ሰማያዊ ጋውን ሰጠቻት፣ ከሁዲው በላይ ደረበችው። ማስክ፣ ኮፍያ፣ ጓንት። የመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያለው ማይክሮስኮፕ ላይ ሃራም አንድ ሳህን አስቀመጠችላት፤ ድሮ ከተገኙ ህዋሶች የተሰራ፣ የልብ ህዋስ እንዲሆን የተደረገ ነው። ሶዳም ዓይኗን ለጠፈች። መጀመሪያ ምንም። ከዛ አንዷ ጉብታ ጭብጥ አለች። ፈታ። ጭብጥ።

«ይመታል!!» ብላ ጮኸች። «ኡኒ! ይመታል! ማንም ሳይነግረው ይመታል!»

«እኔ መጀመሪያ ያየሁ ቀን አልቅሻለሁ፣» አለች ሃራም። «ለማንም እንዳትነግሪ።»

ቀጥሎ ውስጠኛው ክፍል ገቡ። እዛ፣ ከሙቀት ሳጥኑ ውስጥ፣ አዲሶቹ አሉ። አንዲት ሳህን ናቸው። በዚህ ዓመት ከተሰጡት ፅንሶች ሁሉ ህዋሶቹ ይዘው የበቀሉት የአንዱ ብቻ ነው። መንታ ሴት ልጆች የወለዱ ባልና ሚስት የሰጡት ነው ይባላል፤ ሌላ ማንም ስለነሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ህዋሶቹ ገና ጥቂት ስለሆኑ ተከፍለው ለመጠባበቂያ የሚቀዘቅዝ ትርፍ የላቸውም። «ገና ጡት ላይ ናቸው፣» አለች ሃራም። «ሳምንት ካደጉልን እናቀዘቅዛለን፣ ከዛ እተኛለሁ።»

ሶዳም እዚህ ጋ ነው የለመነችው። «እኔ ከሳጥኑ አውጥቼ ላቀብልሽ? አንዴ ብቻ? ለትንፋሽ ያህል?»

ሃራም አመነታች። እጇ አይግባ ተብሏል። ግን የሶዳምን ፊት አየችው፤ ማስኩ ከአፍንጫ በታች ሁሉን ሸፍኖት ዓይኖቿ ብቻ ያብረቀርቃሉ። «በሁለት እጅሽ። ቀስ። እንደ ሙሉ ሾርባ።»

ሶዳም ያዘቻት። ቀላል ናት፣ ከስልክ ትቀላለች። ዞር ስትል ክዳኗ ሸርተት አለች፣ ትንሽ፣ ጥፍር ያህል። ሃራም ጀርባዋን ሰጥታ ጠርሙስ ትከፍታለች። ሶዳም በአውራ ጣቷ ክዳኑን መለሰችው። ሲመለስ ዓይኗ ያረፈው ጣቷ ላይ አይደለም፤ የጋውኑ እጅጌ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ በጋውኑና በጓንቱ መሀል ቢጫ ሁዲዋ ብቅ ብሏል። ጫፉ ላይ ነጭ፣ የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ ነገር አለ። ከስንጥቁ የሆነ ብናኝ የወደቀ መሰላት። መሰላት ብቻ ነው እንግዲህ!

«ደረሰች?» አለች ሃራም ሳትዞር።

«ደረሰች፣» አለች ሶዳም። እጅጌዋን ወደ ውስጥ ጎተተች።

ሰኞ ምንም አልተባለም። ማክሰኞም። ሶዳም ክፍል ውስጥ የልቡን አመታት በእጇ እየጨበጠች እየፈታች ለሁሉም አሳየች፣ ቦሱል ቀናች፣ ዓለም ጣፈጠች። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሃራም ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ገና ፀሐይ አለ። ሃራም በፀሐይ ቤት ገብታ አታውቅም።

«ኡኒ? አመመሽ?»

«ደፈረሰ፣» አለች ሃራም። «ጠዋት ሳህኗን ሳወጣት ምግቡ ደፍርሷል። ማይክሮስኮፕ ስር አየሁት። እንቁላል እንቁላል የሚመስሉ፣ አንዱ ከአንዱ ጎን እያቆጠቆጠ... እርሾ ነው። ሁሉንም ወርሷቸዋል።»

ሶዳም ቦርሳዋን ከትከሻዋ ማውረድ ረሳች።

«እኔ ነኝ፣» ቀጠለች ሃራም። «ከአውቶቡስ ፌርማታው ጎን ያ ዳቦ ቤት የለም? በየጠዋቱ በሩ ላይ ነው የማልፈው፣ ሽታው ደስ ስለሚለኝ። አስቢው፣ ለሽታ ብዬ! በዚያ በኩል ማለፍ አልነበረብኝም፣ ልብሴን መቀየር ነበረብኝ። ለፕሮፌሰሯም እንደዛው ነግሬያታለሁ። ከውስጠኛው ክፍል አውጥታኛለች፤ ልክ ናት።»

«ምናልባት... ሌላ ሰው ቢሆንስ?» የሶዳም ድምፅ ቀጠነ።

«እሁድ የነበርነው እኔና አንቺ ብቻ ነን። ፕሮፌሰሯ ስላንቺ ጠየቀችኝ። ከኔ በላይ እጇን ፈትጋ ታጥባለች፣ የሷ ጥፋት የለበትም አልኳት።» ይሄንን ብላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የሶዳምን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጋ ፈገግ አለች! «አትፍሪ፣ ማንም አንቺን አይነካሽም።»

ወይኔ! ሶዳም ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ፊቷ ጋለ፣ ጆሮዋ ጋለ፣ እስከ እግር ጥፍሯ ጋለች። «የቤት ስራ አለብኝ» ብላ ሮጠች። የቤት ስራ አልነበራትም።

አርብ ፕሮፌሰር ምዮንግ ሶዳም እንድትመጣ ላከችባት። ሶዳም ታወቀብኝ ብላ ሄደች። ግን ለዛ አልነበረም። ያ ላብ አንድ ልማድ አለው። ግቢው ውስጥ ለምርምር የሞቱ አይጦች መታሰቢያ ድንጋይ ቆሟል፤ ብዙ ላቦራቶሪዎች እንዲህ ያለ አላቸው፣ በየዓመቱ ፍራፍሬና የሩዝ ኬክ ይቀርብለታል። እነዚህ ህዋሶች ግን ድንጋይ የላቸውም። ስለዚህ ፕሮፌሰሯ፣ ከሰው የተሰጠ ሳህን ሲበላሽ፣ ሁሉን የሚገድለው በረኪና ከመፍሰሱ በፊት ሁሉም ቆመው ጎንበስ እንዲሉ ታደርጋለች። ሶዳም በህይወት ካየቻቸው መሀል ስለሆነች፣ ስትሸኛቸውም ትኑር አለች።

ጠረጴዛው ላይ ሳህኗ ተቀምጣለች፤ ቀይ የነበረው ምግብ ቢጫ ሆኗል። የሶዳምን ሁዲ የመሰለ ቢጫ።

«ምን እንደነበረ ዛሬ አንከራከርም፣» አለች ፕሮፌሰሯ። ያ ትልቅ ድምጿ ትንሽ ሆኗል። «ሰው ነው የምትሉ አላችሁ፤ ህዋስ ነው የምትሉ አላችሁ፤ አላውቅም የምትሉ አላችሁ። ወገብ ግን ለሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የሚታጠፈው። ሁለት ሰዎች የማይተካ ነገር አምነው ሰጡን። ልንጠብቀው ቃል ገባን፣ አልጠበቅንም። ይቅርታ እንላለን።»

ሁሉም ጎንበስ አሉ። ሶዳምም ጎንበስ አለች። እናቷ «ማን ጠየቃት?» ያለችው ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ቀና አሉ፤ ሃራም ግን እንደታጠፈች ቀረች። እንባዋ ጫማዋ ላይ ጠብ ሲል ሶዳም አየች። አሁን ነው፣ አለች በሆዷ። አሁን ካልተናገርኩ መቼ ነው? አፏን ከፈተች። ሁሉም ዞር ብለው አዩዋት።

«ሽንት ቤት የት ነው?»

እውነት ነው የምላችሁ። ይሄ ነው የወጣላት! አንዱ ወጣት ወደ ኮሪደሩ ጠቆማት፤ ሄደች፣ በሩን ዘጋች፣ ክዳኑ ላይ ተቀምጣ የብርድ ጓንቷን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ስትመለስ በረኪናው ፈስሷል። ሽታው ብቻ ነበር የቀረው።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ከሱቁ ተጣራች። «ሶዳማ! ያንን ቢጫ ሹራብሽን አምጪ፣ ከሌላው ጋር አብሬ ልክተተው። ከሽታው የተነሳ ጎረቤት ሊከሰን ነው!»

ሶዳም ሁዲውን ከአልጋዋ ስር አወጣች። ሊጡ አለ፣ እጅጌው ጫፍ ላይ፣ እንደነበረ። አንድ እጥበት። ትኩስ ውሃና ሳሙና፣ ማሽኑ ዞር ዞር ሲል፣ ይሄ ነገር ከምድር ላይ ይጠፋል። ይዛው ሱቁ ድረስ ሄደች። የማሽኑ በር ክፍት ነው።

«ሃራም እኮ ክፍሉን ልትለቅ ነው፣» አለች እናቷ ሸሚዝ እየተኮሰች። ዓይኗ ቀልቷል። «ጠዋት ነው የነገረችኝ። ሞክፖ ከተማ፣ አባቷ ዓሳ ሱቅ ልትገባ። እጄ ለዚህ ስራ አልተፈጠረም ትለኛለች። እኔ ስራዋን አልወደውም፣ ታውቂያለሽ። ግን እንደሷ ተጠንቅቆ የሚሰራ ሰው የት አለ? የሻይ ኩባያ እንኳን ስታጥብ አይተሻታል? ነይ፣ ክተቺው በቃ።»

ሶዳም ማሽኑን አየች። ሁዲውን አየች።

«ይሄ... ገና አይታጠብም፣ እማ።»

«ምን ማለት ነው ገና አይታጠብም?»

«ለኡኒ የማሳየው ነገር አለበት።»

እናቷ ካውያውን አነሳች፣ ልጇን ረጅም አየቻት፣ ከዛ የማሽኑን በር ዘጋች። ሶዳም ደረጃውን ወጣች። እንደዛ ከባድ ደረጃ ወጥታ አታውቅም፤ ያው የድሮው ደረጃ ነው እኮ! በሩ ስር ካርቶን ሲጎተት ይሰማል። ማንኳኳት ፈራች። እውነቱን ከሰማች በኋላ ኡኒ ኡኒ ትሆናለች? ፕሮፌሰሯስ? ለእጇ ፈቃድ ያልተሰጣት ልጅ ሳህኑን መያዟ ሲወጣ ሃራምን ይባስ አያስቀጣትም? ሳህኗ እንደሆነች አትመለስም። ዝም ብትል ደግሞ... ሃራም ሞክፖ ዓሳ እየመዘነች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዳቦ ቤት ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች።

አንኳኳች።

ሃራም ከፈተች። ፀጉሯ እንደሁልጊዜው በእርሳስ ታስሯል። ሁዲውን አየችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እጥበት ቤቱ ታች ነው፣ ተሳስተሻል እኮ!» አለች። «ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ሶዳም ገባች። ሁዲውን ካርቶኑ ላይ ዘረጋችው፣ እጅጌውን ወደ ሃራም አዙራ። አፏን ከፈተች። በዚህኛው ጊዜ ሽንት ቤት የት እንደሆነ በደንብ ታውቃለች።

እሺ እናንተስ? በናታችሁ እውነቱን ንገሩኝ፤ እናንተ ብትሆኑ ታንኳኩ ነበር? ካንኳኳችሁስ፣ እሷ እንደዛ ፈገግ ብላ እያየቻችሁ፣ የመጀመሪያዋ ቃላችሁ ምን ትሆን ነበር?